ምዕራፍ ሰባት፦ ፍላሽ ድንበር ሲሻገር

ከናይሮቢ ተነስቶ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የኬንያን ምድር የሚጨርሰው ሞያሌ ላይ ነው። ከኬላው ማዶ ያለው ከተማም ስሙ ሞያሌ ነው፤ አገሩ ግን ኢትዮጵያ። ሁለቱን ሞያሌዎች የሚለየው መስመር መሠረቱ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ኢትዮጵያና እንግሊዝ በ1907 የተዋዋሉት የወሰን ስምምነት ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መስመሩ ቦረናውንም ገብራውንም ቡርጂውንም ለሁለት አገር አካፍሏል። ሰዉ ግን አልተለያየም። ወዲህ ያለው ወዲያ ካለው ጋር በቦረንኛ ያወራል፣ ይገበያያል፣ ይጋባል።

ያልተግባባው ዕቃው ነው። በኬንያ በኩል መኪና ግራውን ይዞ ይሄዳል፤ በኢትዮጵያ በኩል ቀኙን። ኢትዮጵያም ብትሆን እስከ 1964 ድረስ በግራ ይነዳባት ነበር፤ ዛሬ ግን ኬላውን ያለፈ ሾፌር መስመሩን መቀየር ግዴታው ነው። የኬንያ ሶኬት የእንግሊዞቹ ዓይነት በመሆኑ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያ ይፈልጋል፤ የኢትዮጵያው በብዛት ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ኤሌክትሪኩ ራሱ ግን አልተጣላም። በኬንያ 240 ቮልት፣ በኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ በሁለቱም በሴኮንድ 50 ዙር ነው። አብዛኛው የስልክ ቻርጀር ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ይቀበላል። ቻርጀሩን ያስቸገረው የኃይሉ መጠን ሳይሆን የቀዳዳው ቅርጽ ነው።

አሁን አንድ ፍላሽ እናሻግር። ናይሮቢ ላይ የሠርግ ቪዲዮ ተጭኖበታል። ፍላሹ የተሠራው በአንድ አገር፣ ቪዲዮውን የጫነው ኮምፒውተር በሌላ፣ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ የሚከፍተው ላፕቶፕ ደግሞ በሦስተኛ አገር ነው። የሦስቱ አምራቾች አይተዋወቁም። ፍላሹ ሲሰካ ግን በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይከፈታል። አስማሚ መሰኪያ የጠየቀ የለም፤ ሲዲ አስገብቶ ፕሮግራም የጫነም የለም።

ይህ እንዴት ሆነ? አንዳንድ ጊዜስ ለምን አይሆንም? ቦታ እያለው «አልቀበልም» የሚለው ፍላሽ፣ «ካልፎረማትከኝ አልከፈትም» የሚለው ሚሞሪ፣ ያለ ምክንያት የሚንቀረፈፈው ሃርድ ዲስክ፣ የአማርኛውን ዘፈን ስም በጥያቄ ምልክት የሚያሳየው የመኪና ቴፕ፣ ሁሉም መልሳቸው ከአንድ ቦታ ይመነጫል።

ንብርብር ውሎች

በፍላሽና በኮምፒውተር መካከል ያለው ስምምነት አንድ ውል አይደለም፤ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ ብዙ ውሎች ናቸው።

የታችኛው ውል የመሰኪያው ነው፤ የቀዳዳው ቅርጽ፣ የሽቦዎቹ ብዛት፣ 5 ቮልት። ይህ ዩኤስቢ የምንለው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኮምፓክ፣ ዲጂታል ኢኪውፕመንት፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርተል የተባሉ ሰባት ኩባንያዎች ሠሩት፤ የመጀመሪያው ዕትምም በ1996 ወጣ። ከዚያ በፊት ለፕሪንተሩ፣ ለማውሱ፣ ለኪቦርዱ የተለያየ ቀዳዳ ነበር።

ሁለተኛው ውል የማንነት ነው። ፍላሽ እንደተሰካ ኮምፒውተሩ «ማነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ፍላሹ በቁጥር ይመልሳል። የመጀመሪያው ቁጥር 8 ከሆነ «የመረጃ ማከማቻ ነኝ» ማለት ነው። የሚከተሉት ሁለት ቁጥሮች በምን ቋንቋ እንደሚታዘዝና መረጃውን በምን ሥርዓት እንደሚያስተላልፍ ይናገራሉ። በዊንዶውስ 98 ዘመን ለእያንዳንዱ ፍላሽ የየራሱ ፕሮግራም መጫን ያስፈልግ ነበር። ዊንዶውስ 2000 ይህን የማንነት ውል አብሮት ይዞ ስለመጣ ጣጣው ቀረ።

ሦስተኛው ውል የትእዛዝ ነው። «ከዚህ ቦታ ጀምረህ ይህን ያህል አንብብልኝ»፣ «እዚህ ጻፍልኝ» የሚሉት ትእዛዞች የመጡት ስካዚ ከሚባልና በ1986 በአሜሪካ ብሔራዊ ስታንዳርድ ሆኖ ከጸደቀ ሥርዓት ነው። ስካዚ የተሠራው በወፍራም ገመድ ለሚገናኙ ትላልቅ ዲስኮች ነበር። ዛሬ ኪስ ውስጥ የሚገባው ፍላሽ የሚታዘዘው በዚያው የአያቶቹ ቋንቋ ነው።

አራተኛው ውል የፋይል አደረጃጀት ነው፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተጻፈ የሚመዘግበው መዝገብ። ፎርማት ስናደርግ የምንመርጠው ፋት32፣ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይህ ነው።

አራቱም ከተስማሙ ፍላሹ ይከፈታል። አንዱ ከተጣላ የሦስቱ መስማማት ዋጋ የለውም። የሞያሌው ቻርጀር ውስጡ ተስማምቶ አፉ ነው የተጣላው፤ በፍላሽ ዓለም በብዛት የሚያጋጥመን ግን ተቃራኒው ነው፤ አፉ ይገጥማል፣ ውስጡ ይጣላል።

የ31 ባይት መሸኛ

ጭነት ድንበር ሲሻገር መሸኛ ወረቀት ይዞ ነው። መረጃም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ከፍላሹ አንድ ነገር ሲፈልግ አስቀድሞ ርዝመቱ በትክክል 31 ባይት የሆነ መሸኛ ይልካል። የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች መሸኛው ሐሰተኛ እንዳልሆነ የሚያረጋግጡ ማኅተም ናቸው። ቀጣዮቹ 4 የመሸኛው ተራ ቁጥር፣ ከዚያ 4ቱ የሚተላለፈው መረጃ መጠን። አንድ ባይት አቅጣጫውን ትናገራለች፤ መረጃው ወደ ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ወደ ፍላሹ? ሌላዋ ባይት መሣሪያው ብዙ ክፍል ካለው የትኛውን እንደሆነ፣ አንዷ ደግሞ የትእዛዙን ርዝመት። በመጨረሻም ለስካዚው ትእዛዝ የተተወ 16 ባይት አለ። ሲደመር 31።

ጭነቱ ካለፈ በኋላ ፍላሹ 13 ባይት ደረሰኝ ይመልሳል። ደረሰኙ ላይ ያ ተራ ቁጥር ይደገማል፤ ያልተላለፈ ቀሪ ካለ መጠኑ ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ ውጤቱ በአንድ ባይት ይገለጻል። 0 ከሆነ ተሳክቷል፣ 1 ከሆነ አልተሳካም፣ 2 ከሆነ ደግሞ «ተለያይተናል፣ ከመጀመሪያው እንጀምር» ማለት ነው።

መሸኛው ውስጥ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ኮምፒውተር ትልቅ ቁጥርን በአራት ባይት ሲጽፍ ከየትኛው ጫፍ ይጀምር? ዩኤስቢ ትንሹን ያስቀድማል። ስካዚ ትልቁን ያስቀድማል። ስለዚህ በአንዱ መሸኛ ላይ ውጪው በአንድ ሥርዓት፣ ውስጡ በሌላ ሥርዓት ተጽፏል። 2048 የሚለውን ቁጥር ትንሹን አስቀድሞ የጻፈ ሰው «00 08 00 00» ይላል። ትልቁን አስቀድሞ የሚያነብ ሰው ይህንኑ ሲያይ 524288 ብሎ ይረዳዋል። ቁጥሩ የዲስክ አድራሻ ቢሆን ኖሮ መረጃው የሚጻፈው ከታሰበበት እጅግ በራቀ ቦታ፣ ምናልባትም በሌላ ፋይል ላይ ነው። ሁለቱም ወገን አልዋሸም፤ ያነበቡበት አቅጣጫ ነው የተለያየው። ለዚህ ነው ስታንዳርዱ የባይቶቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተላቸውንም ለእያንዳንዱ መስክ ለይቶ የሚደነግገው።

13ቱ መንገዶች

ይህን መሸኛና ደረሰኝ የሚደነግገው ሰነድ የወጣው በ1999 ነው። ሽፋኑ ላይ የታተመው ቀን «ሴፕቴምበር 31» ይላል፤ ሴፕቴምበር ግን 30 ቀን ብቻ ነው ያለው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎች በትክክል እንዲግባቡ ያደረገ ሰነድ የራሱን ቀን ስቷል። 

የሰነዱ ዋና ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ከጽሑፉ ውስጥ አንዱ ክፍል የሚያወራው ኮምፒውተሩና ፍላሹ ስለሚተላለፈው መረጃ የተለያየ ነገር ቢጠብቁ ምን እንደሚሆን ነው። ኮምፒውተሩ ከሦስት አንዱን ያስባል፤ ምንም አይተላለፍም፣ እቀበላለሁ ወይም እልካለሁ። ፍላሹም ትእዛዙን ከተረዳ በኋላ ከሦስቱ አንዱን ያስባል። ሦስት በሦስት ሲባዛ ዘጠኝ። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ የተስማሙ ቢሆን እንኳ መጠኑ ሊያንስ፣ ሊተካከል ወይም ሊበልጥ ይችላል፤ ይህም በመቀበሉ በኩል ሁለት፣ በመላኩ በኩል ሁለት ይጨምራል። ድምሩ 13 ይሆናል።

ከ13ቱ መንገዶች ፍጹም ስምምነት ያለባቸው ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱም ምንም አልጠበቁም፤ ወይም ሁለቱም እኩል መጠን ወደ ኮምፒውተሩ እንዲመጣ አስበዋል፤ ወይም እኩል መጠን ወደ ፍላሹ እንዲሄድ አስበዋል። የቀሩት 10 አለመግባባቶች ናቸው። ሰነዱም ለእያንዳንዱ መፍትሔ ያስቀምጣል። ፍላሹ ከተጠየቀው ያነሰ ካለው ያለውን ይልካል፣ ቀሪውን በደረሰኙ ላይ ይጽፋል። ከተጠየቀው የበለጠ ቢኖረውም ከተጠየቀው አያልፍም። አቅጣጫው ራሱ ከተቃረነ መስመሩን ይዘጋና «ተለያይተናል» የሚለውን ደረሰኝ ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም ሁሉን ወደ መጀመሪያው መልሶ እንደገና ይጀምራል።

የዚህ ምዕራፍ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የአንድ ስታንዳርድ ጥራት የሚለካው ሁለት ወገኖች በተስማሙበት ጊዜ በሚሆነው አይደለም፤ ሲስማሙ ማንም ይሠራል። የሚለካው ሳይስማሙ ሲቀሩ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ በመወሰኑ ነው። ርካሽ ፍላሾች አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሠርተው ሌላው ላይ የሚደርቁት አምራቾቹ ሦስቱን የስምምነት መንገዶች ሠርተው አሥሩን ስለሚዘሏቸው ሊሆን ይችላል። ያ ፍላሽ ያደገበት ኮምፒውተር ያን ጥያቄ አልጠየቀውም፤ አዲሱ ጠየቀው።

ኬንያና ኢትዮጵያ ሞያሌ ላይ የሠሩትም ከዚህ አይርቅም። ዲሴምበር 9 ቀን 2020፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን የድንበር ኬላ መርቀው ከፈቱ። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር መንገደኛውም ጭነቱም ከሚወጣበት አገር አንድ ጊዜ፣ ከሚገባበት አገር ሌላ ጊዜ ይቆም ነበር። የጋራ ኬላ አሠራሩ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በሚገባበት አገር በኩል በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው የመውጫውንም የመግቢያውንም እዚያው እንዲጨርሱ ነው። የሁለቱ አገር ሕግ አንድ አልሆነም። የተስማሙት ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚያይ፣ ነገር ሲበላሽ ጭነቱ ወደ ማን እንደሚመለስ ነው።

መነሻው ሲዛነፍ

እስካሁን ያየነው አለመግባባት ሥራ ያስቆማል። ከዚህ የከፋው ሥራ የማያስቆመው ነው፤ ሁሉ ይሠራል፣ ግን ዘገምተኛ ነው፣ ምክንያቱም አይታወቅም።

ሃርድ ዲስክ መረጃን የሚይዘው ሴክተር በሚባሉ እኩል ክፍሎች ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት አንድ ሴክተር 512 ባይት ነበር። የዲስክ መጠን እያደገ ሲሄድ አምራቾቹ ሴክተሩን ወደ 4096 ባይት፣ ማለትም ወደ ስምንት እጥፍ ለማሳደግ ተስማሙ፤ ከ2009 መጨረሻ ጀምሮም በዚህ መንገድ የተሠሩ ዲስኮች ገበያ ገቡ። በዓለም ያለው ፕሮግራም ሁሉ ግን 512 ነበር የሚያውቀው። ስለዚህ አዲሶቹ ዲስኮች ውስጣቸው 4096 ሆኖ ወደ ውጪ «512 ነኝ» ይሉ ጀመር። ለሰላም ሲባል የተነገረች ውሸት።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ የዲስኩን የመጀመሪያ ክፍል የሚጀምረው ከ63ኛው አድራሻ ነበር። 63 የመጣው በጥንቱ አቆጣጠር በአንድ ዙር ትራክ ላይ ሊቆጠር የሚችለው ትልቁ የሴክተር ብዛት ከመሆኑ ነው። በ512 ባይት ዘመን ከየት ተጀመረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በአዲሱ ዲስክ ግን 63 ለ8 ሲካፈል 7.875 ነው፤ እኩል አይወጣም። ኮምፒውተሩ «ይህን 4096 ባይት ጻፍ» ሲል ጭነቱ በአንድ እውነተኛ ሴክተር ላይ አያርፍም፤ ከሁለት ሴክተሮች ላይ ቁራጭ ቁራጭ ይይዛል። ዲስኩ ሁለቱንም አንብቦ፣ የተለወጠውን ቀላቅሎ፣ ሁለቱንም መልሶ ይጽፋል። አንድ የነበረው ሥራ አራት ሆነ። መረጃው አልጠፋም፤ የስሕተት መልእክትም የለም። ባለቤቱ የሚያውቀው ዲስኩ አዲስ ሆኖ ሳለ መንቀርፈፉን ብቻ ነው።

የሃርድ ዲስክ አምራቹ ዌስተርን ዲጂታል ለኤክስፒ ተጠቃሚዎች ሁለት መፍትሔ አቀረበ። አንደኛው ክፍሉን ወደ ትክክለኛው መነሻ የሚያዛውር ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ከዲስኩ ጀርባ ሁለት ፒኖችን የምታገናኝ ትንሽ ጃምፐር ናት፤ ጃምፐሯ ስትደረግ ዲስኩ የሚሰጠው አድራሻ ሁሉ በአንድ ይገፋል፣ 63 የነበረው 64 ይሆናል፣ ለ8ም ይካፈላል። ሆኖም ያቺኑ ዲስክ ጃምፐሯ ሳትነሳ በትክክል በሚጀምር ዘመናዊ ሥርዓት ላይ የተጠቀመባት ሰው ትክክለኛውን አዛነፈው። የአንድ ወገን መፍትሔ ሌላው ወገን ሲለወጥ ችግር ይሆናል። ዘላቂው መልስ የመጣው ከቪስታና ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ የመጀመሪያው ክፍል ከ2048ኛው አድራሻ፣ ማለትም በትክክል ከ1 ሜጋባይት እንዲጀምር ሲደረግ ነው። ይህ ቁጥር ለ8ም፣ ለ16ም፣ ለሚመጡት ትላልቅ መጠኖችም ይካፈላል።

በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ነገሩ ይብሳል። ፍላሽ ቺፕ በተጻፈበት ላይ ደግሞ መጻፍ አይችልም፤ መጀመሪያ መጥፋት አለበት። የሚጻፈው በጥቂት ኪሎባይት ገጽ ነው፤ የሚጠፋው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ትልቅ ብሎክ ነው። መነሻው ከብሎኩ ወሰን ጋር ካልገጠመ ትንሽ ጽሑፍ ትልቅ ማጥፋት ያስከትላል። ይህ ያዘገያል፤ ከማዘግየቱም በላይ የካርዱን ዕድሜ ያሳጥራል፤ እያንዳንዱ ብሎክ የሚጠፋበት ብዛት የተወሰነ ነውና። ፓናሶኒክ፣ ሳንዲስክና ቶሺባ በ2000 የመሠረቱት የኤስዲ ማኅበር ለዚህ ሲል የራሱን ነፃ የፎርማት ፕሮግራም ያሰራጫል። ፕሮግራሙ እንደ ካርዱ መጠን መነሻውን ለምሳሌ በ4 ወይም በ16 ሜጋባይት ወሰን ላይ ያሳርፈዋል። በዘፈቀደ ፎርማት የተደረገ ካርድ ይህን ቦታ ሊስት ይችላል።

ቀዳዳው ገጥሞ ውስጡ ሲጣላ

64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ 40 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለ። 5 ጊጋባይት የሆነ የሠርግ ቪዲዮ ሲገለበጥበት «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ ይመልሳል። ብዙ ሰው ፍላሹ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል። ፍላሹ ደህና ነው፤ የተጣላው አራተኛው ውል ነው፤ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ነውና።

ፋት32 በ1996 ሲወጣ የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ነበር። በ32 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው፤ በባይት ሲቆጠር 4 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል መጠኑን የሚጽፍበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ባዶ ቦታ ቢኖርም አይገባም። በ1996 የአብዛኛው የቤት ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ራሱ ከዚህ ያነሰ ስለነበር ብዙ ሰው አልተቸገረም።

ማይክሮሶፍት በ2006 ኤክስፋትን አወጣ፤ የ4 ጊጋባይቱ ገደብ ቀረ። በ2009 የኤስዲ ማኅበር ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆኑ ካርዶች ኤክስፋትን መደበኛ አድርጎ መረጠ። ከዚህ የተነሣ እስከ 2 ቴራባይት ያሉ ካርዶች በሦስት ትውልድ ይከፈላሉ፤ እስከ 2 ጊጋባይት ያሉት ኤስዲ፣ ከዚያ እስከ 32 ያሉት ኤስዲኤችሲ፣ ከ32 ጊጋባይት እስከ 2 ቴራባይት ያሉት ኤስዲኤክስሲ። ቅርጻቸው አንድ ነው። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ካርድ አሮጌ ስልክ ውስጥ በትክክል ይገባል፤ ስልኩ ግን መዝገቡን ማንበብ ስለማይችል «ካርዱ ፎርማት መደረግ አለበት» ይላል። ይህን እሺ ያለ ሰው ፎቶውን ሁሉ አጠፋ። ካርዱ ባዶ ወይም ብልሹ አልነበረም፤ ስልኩ የማያውቀውን ቋንቋ ነበር የሚናገረው።

እዚህ ላይ የሕግ ነገርም አለ። ኤክስፋት ለዓመታት የማይክሮሶፍት የባለቤትነት ንብረት ነበር፤ የሚጠቀም አምራች ይከፍላል። በ2009 ማይክሮሶፍት የመንገድ ጠቋሚ መሣሪያ የሚሠራውን ቶምቶም የተባለ ኩባንያ ከፋት የረጅም ስም አጻጻፍ ጋር በተያያዘ ጭምር ከሶ ነገሩ በስምምነት ተዘግቷል። በ2019 ማይክሮሶፍት የኤክስፋትን ሙሉ ዝርዝር በይፋ አወጣ፤ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓትም ብዙ ሳይቆይ በራሱ ውስጥ አካተተው። ለአሥር ዓመት ያህል የዓለም የካርድ ስታንዳርድ የሆነ ነገር ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት አልነበረም ማለት ነው። ሁሉም የሚገደድበት፣ ጥቂቶች ብቻ የሚያነቡት ውል ሙሉ ውል አይባልም።

የፊደልና የሰዓት ነገር

የፋይል ስም ራሱ መረጃ ነው፤ እሱም ድንበር ይሻገራል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የገባው በ1999፣ ያ የመሸኛው ሰነድ በወጣበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት ፊደሎቻችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ በየራሱ መንገድ ያስቀምጥ ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል።

ዩኒኮድ ቁጥሩን አስማማ፤ አጻጻፉን ግን ለየሥርዓቱ ተወ። ፋት32፣ ኤክስፋትና ኤንቲኤፍኤስ አንድ የግዕዝ ፊደል በ2 ባይት ይጽፋሉ፣ ስምም እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳሉ። በሊኑክስ የተለመደው ኤክስት4 የተባለው ሥርዓት ግን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ ገደቡ 255 ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዚያ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። 255 ለ3 ሲካፈል 85። እንግሊዛዊው 255 ፊደል ሲጽፍ አማርኛ ጸሐፊው በ85 ይቆማል። ረጅም የስብከት ወይም የትምህርት ርዕስ ሙሉውን የፋይል ስም ያደረገ ሰው ከፍላሽ ወደ ሊኑክስ ኮምፒውተር ሲገለብጥ እምቢ የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የመኪናው ቴፕ የሚያሳየው የጥያቄ ምልክት ደግሞ ከሌላ ምክንያት ነው፤ መዝገቡን ቢያነብም የግዕዝ ፊደልን ማሳየት አይችልም።

ሰዓቱን ካየን ሞያሌ የታደለች ናት። ፋት የፋይል ቀን መቁጠር የሚጀምረው ከ1980 ነው፤ ሴኮንዱን በሁለት በሁለት ይዘላል፤ የሚጽፈውም የአካባቢውን ሰዓት ነው፣ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ግን አይመዘግብም። ፍላሹ ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ቢሄድ ጊዜው በአንድ ሰዓት ይሳሳታል። ኬንያና ኢትዮጵያ ግን ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድሙ ናቸው፤ ስሕተቱ አይታይም። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ አማርኛ ተናጋሪው ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር «አንድ ሰዓት» ሲባል ሁለቱም ጠዋት ማለዳ ይገናኛሉ። ኤክስፋት የሰዓት ቀጠናውን የሚመዘግብበት ቦታ ጨምሯል። ያልታቀደ ስምምነት በሞያሌ ይሠራል፤ ስታንዳርድ የሚያስፈልገው ሞያሌን ለሚያልፍ ነው።

ውል ሐሰትን አያቆምም

ኮምፒውተሩ «ስንት ትይዛለህ?» ሲለው ፍላሹ የሚመልሰውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ያምናል። ማረጋገጫ የለም። በዚህ ቀዳዳ የገቡ አጭበርባሪዎች ውስጡ 8 ወይም 16 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ «2 ቴራባይት ነኝ» እንዲል አድርገው ይሸጣሉ። ሲሰካ 2 ቴራባይት ያሳያል፤ ሲገለበጥበትም ይቀበላል። ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ግን ወይ ይጣላል ወይ የቀደመውን ይደመስሳል። የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ ይዘታቸው ግን የለም። ገዢው የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ቪዲዮውን ሲከፍት ነው።

ስታንዳርዱ የተሠራው ለሚሳሳቱ ወገኖች እንጂ ለሚዋሹ አይደለም። 13ቱ መንገዶች አለመግባባትን ይፈታሉ፤ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ደረሰኝን አይፈቱም። መድኃኒቱ መፈተሽ ነው። ሲቲ የተባለው የጀርመን የኮምፒውተር መጽሔት ያሰራጨው ኤች2ቴስትደብሊው ለዊንዶውስ፣ ኤፍ3 ደግሞ ለሊኑክስና ለማክ በነፃ ይገኛሉ። ፍላሹን ጫፍ ድረስ ሞልተው መልሰው ያነባሉ። ሰዓታት ይወስዳል፤ ከሚጠፋው መረጃ ግን ይሻላል።

ለአንባቢ

ከዚህ ሁሉ ለዕለት ሥራ የሚተርፈውን እንሰብስብ። በተለያዩ ዘመናዊ ኮምፒውተሮች መካከል ለሚመላለስ ፍላሽ ኤክስፋት ይሻላል። ለአሮጌ ቴፕ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ፋት32 ይበጃል፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል እንደማይቀበል ግን አትርሱ። ኤንቲኤፍኤስ የሆነ ሃርድ ዲስክ ማክ ኮምፒውተር ላይ በተለመደው አሠራር ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ሚሞሪ ካርድ በኤስዲ ማኅበር ፕሮግራም ፎርማት አድርጉ። «ፎርማት ይደረግ?» የሚል መልእክት ሲመጣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ካርዱን በሌላ፣ አዲስ በሆነ መሣሪያ ሞክሩት። የፋይል ስም አሳጥሩ። አዲስ የተገዛ ፍላሽ ላይ ብቸኛ የሆነ ፎቶ ከመጫናችሁ በፊት በመፈተሻው ሙሉት። ከመንቀላችሁም በፊት ፍላሹን ከኮምፒውተሩ አሰናብቱት፤ የመጨረሻው ደረሰኝ ሳይመጣ የተነቀለ ፍላሽ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል።

ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ለሚገዙ፣ ካሜራ፣ መመዝገቢያ መሣሪያም ሆነ ሶፍትዌር ለሚያሠሩ ደግሞ አንድ ጥያቄ እንጨምር። ሻጩ «ከሁሉም ጋር ይሠራል» ሲል «የማይስማማ ሲመጣስ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልተገኘለት ዕቃ ስታንዳርዱን ለመከተሉ ማረጋገጫ የለም፤ አትግዙት።